ጆሮ ያወጣች መኪና

ኖርሾ፣ ሰኞ፣ ማርች 10 ቀን 2014

ለውድ እህቴ ለማይብሪት፣

ይህ ወረቀት ባሕሩን ሁሉ አቋርጦ ኒውዚላንድ እጅሽ ሲገባ አንቺን፣ ባልሽንና በጎችሽን ሁላችሁንም በደህና ያግኛችሁ። እናንተ ዘንድ ብርዱ ገና ሊጀምር ነው፤ እኛ ዘንድ በረዶው አሁንም እስከ መስኮቱ ደፍ ነው። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። በቀረው ግን ደህና አይደለሁም።

ስልክ ስትደውዪ «ደህና ነኝ፣ ሂልዲንግም ደህና ነው፣ በረዶው አልቀለጠም» ብዬ ቶሎ የምዘጋብሽ ጠልቼሽ እንዳይመስልሽ። ስልኩ ኮሪደር ላይ ነው፤ ኮሪደሩ ደግሞ ከጋራዡ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ይህንንም የምጽፍልሽ ከቤት ሆኜ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት መጥቼ፣ የአትክልት መጻሕፍት ካሉበት መደርደሪያ ጀርባ ተሸጉጫለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ባሌን ፈርቼ እንደ ሌባ ተደብቄ ስጽፍ እዪኝማ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይኸው ነው።

ሳላድበሰብስ ልንገርሽ፦ ሂልዲንግ አንድ ነገር እየደበቀኝ ነው። ከመጀመሪያው ልጀምርልሽና አንቺው ፍረጂ።

የጀመረው በእናታችን የቅቤ ቢላ ነው። ያቺ ከጥድ እንጨት የተጠረበችው፣ በልጅነትሽ እጀታዋን ነክሰሽ የጥርስሽን ምልክት የተውሽባት። አንድ ቀን ጠዋት መሳቢያውን ብከፍት የለችም። ሂልዲንግ ጋዜጣውን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ቢላዋን አይተሃል ወይ?» አልኩት።

«ገና አልበላሁም» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«ቢላዋን ነው ያልኩህ!»

«እሱማ ነገም ይበርዳል» ብሎ ገጹን ገለጠ።

ይኼ ሰው ነገር ማስቀየስ መቼ ተማረ? ሂልዲንግ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ለመዋሸት እኮ ብዙ መናገር ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ አይናገርም። ጋራዥ ገባ። ቆይቼ ተከትዬው ገባሁ።

ማይ፣ ያየሁትን ብታዪ። ያቺ አሮጌ ቮልቯችን እንደ ተገፈፈ በግ ተዘርግታለች። የበሮቹ የውስጥ ታፒሴሪያ ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ምንጣፉ ተገልብጧል፤ ከፊት መስታወቱ ጎንና ጎን ያሉት ምሰሶዎች ሽፋናቸው ወልቆ ብረታቸው አፍጥጧል። በየቀዳዳው ሽቦ ገብቷል። ሂልዲንግ በጉልበቱ ተንበርክኮ የእናቴን የቅቤ ቢላ ጫፏን በፕላስተር ጠቅልሎ በበሩ ጠርዝ ሥር እያስገባ ይፈለቅቃል። ቷ! ይላል ሽፋኑን የያዘው ክሊፕ ሲለቅ። አንዱን እንዳወለቀ ወደ ሌላው ይሄዳል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

ከጀርባው ቆሜ ስለነበር አላየኝም፤ ትከሻውን ብነካው ዘሎ ራሱን ከጣሪያው ጋር አጋጨ።

«ስፒከር ላስገባ ነው» አለኝ ግንባሩን እያሸ።

«ለምንህ?»

«ለሙዚቃ።»

ሂልዲንግን ታውቂዋለሽ። በሠርጋችን ዕለት አኮርዲዮኑ ሲጀምር ወጥቶ የመኪናውን ዘይት የለካ ሰው ነው። ሬዲዮ ቢከፍት ለአየር ጠባይና ለአደን ወሬ ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ሙዚቃ አማረው ልበል?

«እሺ፣ የእናቴን ቢላ ለምን?»

«በካቻቪቴ ብፈለቅቀው ፕላስቲኩ ይቧጨራል። እንጨት ግን ይራራለታል።»

ይራራለታል አለኝ! ለመኪና በር የሚራራ ሰው። ለእኔ ቢራራ ምን ነበረበት ብዬ ወጣሁ።

ከወጣሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ በማሰሮ ክዳን ውስጥ ከበሮቹና ከወንበሮቹ ሥር የወደቀውን ዝባዝንኬ ሰብስቦ ነበር። የአይስክሬም እንጨት፣ ዝገት የበላው ሳንቲም፣ የዓሣ መንጠቆ። ከመሃል አረንጓዴ ድንጋይ ያለበት የጆሮ ጌጥ፣ አንድ ለእናቱ። የእኔ አይደለም። እኔ አረንጓዴ አድርጌ አላውቅም፤ በአረንጓዴ ፊቴ የታመመ ይመስላል። መኪናዋን ደግሞ አዲስ ሳለች ነው የገዛናት፤ ከእኛ በፊት ማንም አልነዳትም። የዚያን ሌሊት ጣሪያውን እያየሁ በዚያች መኪና የተሳፈረችን ሴት ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

አሁን ወደ ኋላ ልመልስሽ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባሽም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ቅጠል ሲረግፍ የአደን ጓደኛውን ቀብረን በመኪና እንመለስ ነበር። ዝናቡ ይወርዳል፤ መጥረጊያው ይንቋቋል። ሂልዲንግ ከመንገዱ ዓይኑን ሳይነቅል «ኢንጌገርድ፣ እንደገና ቢሆን፣ እኔኑ ታገቢኝ ነበር?» አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እጮኛ ሳለን እንኳን አልጠየቀኝም፤ ቀለበቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ልኩ ካልሆነ ይቀይሩታል» ነው ያለኝ። አፈርኩ። ወደ መስኮቱ ዞሬ እንደ ወትሯችን ሹፕ አልኩት። ያው እንደምናደርገው፣ ከንፈርን አሹሎ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ። አንቺ እዚያ አገር የገባሽ ሰሞን ብታደርጊያት አማትሽ ልጅቷ ትንፋሽ አጠራት ብላ ሐኪም ልትጠራ የተነሣችባት። እኛ የሰሜን ሰዎች ከዚያች የበለጠ «አዎ» የለንም።

እሱ ግን ምንም አላለም። አንገቱን ቀበር አድርጎ እስከ ቤት ድረስ ነዳ። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ አንዲት ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ሳወራው ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል። «እዚያ ጋ አጋዘን አለ» ስለው እንኳን ቀድሞ አይቶት ካልሆነ ፍሬን አይዝም።

ሳሰላስለው ከረምኩ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የሚጠይቀው ለራሱ መልሱን ሲያውቀው ነው። እሱ እንደገና ቢሆን እኔን አያገባም፤ እኔም «አይ» ብለው ሸክሙ ይቀልለት ነበር። «አዎ» ስለው ግን አፈረና ዘጋኝ። ከዚህ ሌላ ምን ትርጉም ትሰጪዋለሽ?

በዚህ ላይ ሄሌና መጣች። ሄሌና ማን እንደሆነች አትጠይቂኝ፤ እኔም ያንኑ ነው የምጠይቀው። ሂልዲንግ በረዶ ሊጠርግ ወጥቶ ስልኩ ጮኸ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ሂልዲንግን ማግኘት እችላለሁ?»

«ውጭ ነው። ማን ልበል?»

«ሄሌና ነኝ። የሐሙሱ ቀጠሯችን ወደ ከሰዓት ተዛውሯል ይበሉልኝ።»

«የምን ቀጠሮ?»

«እሳቸው ያውቁታል» አለችኝ። ድምጿ ለስላሳ ነው፤ ግን ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች፣ ጥርት አድርጋ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ነው የምትናገረው። እንዲህ አጥርቶ የሚናገር ሰው አልወድም። የሚደብቀው አለ።

ሐሙስ ሐሙስ ሼሌፍቴዮ ከተማ የሚሄደው ለካ ለዚህ ኖሯል! እኔን «ክሊፕ ልገዛ ነው» ይለኝ ነበር። እስቲ ንገሪኝ፣ አንዲት መኪና ስንት ክሊፕ ትበላለች?

ሲገባ «ሄሌና ደውላ ነበር» አልኩት፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ። እስከ ጆሮው ጫፍ ቀላ።

«የመለዋወጫ ሱቅ ናት» አለኝ።

«እና ሱቁ ቀጠሮ ይይዛል?»

«ወረፋ አለው» ብሎ አካፋውን ይዞ ተመልሶ ወጣ፤ ያልተጠረገ በረዶ ግን አልነበረም።

ጎረቤታችንን ቶርገኒን ታስታውሽዋለሽ፣ ያ ለዳንስ ባንድ ድምፅ ማጉያ ሲሸከም የኖረው፣ አንድ ጊዜ አንቺን ሊያስደንስ እግርሽን የረገጠሽ። ዋናው ግብረ አበር እሱ ነው። ሁለቱ ጋራዥ ውስጥ ይገቡና በሩን ይዘጋሉ። ባለፈው ሳምንት ኮሪደር ላይ ጫማ ሳስተካክል ከግድግዳው ማዶ የሰው ትንፋሽ ሰማሁ። እንደ ደነገጠ ሰው ቆረጥ የሚል ትንፋሽ። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ። ከዚያ የሂልዲንግ ድምፅ፣ «አሁንም አንዴ። ከዚያ ዝቅ ብሎ።» እግዚአብሔር ያሳይሽ! በሩን በርግጄ ገባሁ። ቶርገኒ በእኔ ወንበር፣ መኪናው ውስጥ፣ ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ሂልዲንግ አጠገቡ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጓል።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«አስም ነው» አለ ቶርገኒ።

በዋዜማው ሐይቁን በበረዶ ሸርተቴ ዞሮ የመጣ ሰው ነው አስም የሚለኝ።

በማግስቱ ደጁ ላይ ብቻውን አገኘሁትና ያዝኩት።

«ቶርገኒ፣ ስንት ዘመን ነው የምንተዋወቀው? እውነቱን ንገረኝ። ሴት አለች?»

«የት?»

«ቀልድህን ተው! ሂልዲንግ ሴት ይዟል ወይ?»

«ኧረ እኔ የማውቀው ሽቦ ብቻ ነው።»

«እና ሽቦው የት ነው የሚሄደው?»

አሰበና፣ «ከአንደኛው ጫፍ ወደ ሌላኛው» አለኝ። ከዚያ ሳቁን ለመደበቅ ሲጣደፍ ጓንቱን ጥሎብኝ ገባ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው የሚባለው ውሸት አይደለም፤ መንደሩ ሁሉ ሳያውቅ አይቀርም፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ከትናንት ወዲያ፣ ቅዳሜ፣ ሂልዲንግ በረዶውን ቦርቡሮ ዓሣ ሊያጠምድ ሐይቅ ወረደ። እኔ የእናቴን ቢላ አንሥቼ ጋራዥ ገባሁ። መኪናዋ ሁሉ ነገሯ ወደ ቦታው ተመልሶ ሰላማዊ መስላ ቆማለች። ስፒከር ፈለግኩ። በበሮቹ ላይ የለም። ከክሩስኮቱ ላይ የለም። ከኋላም የለም። ያ ሁሉ ሲፈለቀቅ የከረመው ሽቦ ታዲያ የት ገባ?

በእኔ ወንበር ተቀመጥኩና ዙሪያውን አየሁ። ከመስታወቱ ጎን ያለው የምሰሶው ሽፋን ላይ፣ በአፌ ትክክል፣ በመርፌ የተወጋች የምትመስል ቀዳዳ አለች። በእሱ በኩል ባለው ምሰሶ ላይ የለችም። ቢላዋን ከሽፋኑ ጠርዝ ሥር አስገባሁና ጫን አልኩ። ቷ! አለ፤ እኔም ከእሱ ጋር ዘለልኩ። ሽፋኑ ሲነሣ ከጀርባው ባቄላ የምታክል ጥቁር ነገር ተለጥፋለች፤ ፊቷ እንደ ወንፊት ነው፤ ከጭራዋ ሽቦ ይወርዳል። ሽቦውን በጣቴ ተከተልኩት። በምሰሶው ወረደ፣ ከምንጣፉ ሥር ገባ፣ መሃሉን ተሻገረና የሂልዲንግ ወንበር ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ስፒከር ድምፅ ያወጣል። ይህቺ ግን ድምፅ ታስገባለች። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ግን ተረት ይመስለኝ ነበር።

ሽፋኑን መልሼ ልገጥም ስል አንዱ ክሊፕ ተሰበረብኝ። ኪሴ ከተትኩት። አሁንም እዚሁ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እየጻፍኩ እዳብሰዋለሁ።

ማይ፣ ባሌ የምናገረውን እየቀዳ ነው። ለምን እንደሆነም አውቄዋለሁ። ክፉ ቃል እስኪያመልጠኝ ይጠብቃል፤ ከዚያ ዳኛ ፊት አስቀምጦ «ይኸው ሚስቴ» ሊል ነው። ከዚያች ከሄሌና ጋር ሆነው ሊያዳምጡኝም ይችላሉ። እኔ እኮ መኪና ውስጥ ብቻዬን አወራለሁ! ስለ እህቱ ዓሣ ወጥ ያልኩት አለ፤ ስለ እሱ እግር ሽታ ያልኩት አለ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ መኪናዋ ውስጥ ትንፋሽ አላሰማሁም። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አፌን በሻርፕ ጠቅልዬ ተቀመጥኩ። እሱም ደጋግሞ ወደ እኔ ያያል፤ ያየኝና ደግሞ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል።

አሁን የምጠይቅሽን ጠይቄሽ ልጨርስ። ያቺ ወደ ግጦሹ የምታየው ትንሿ ክፍልሽ አሁንም ባዶ ናት? ፓስፖርቴን አሳድሼዋለሁ። ሂልዲንግ ፎቶግራፉን አይቶ «ለምንድነው?» ሳይለኝ ቀረ፤ ያም አንድ ምልክት ነው። ልምጣ ወይስ አልምጣ፣ አንዱን ቁርጥ አድርገሽ ጻፊልኝ። አባባይ ቃል አልፈልግም።

ያመመኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እወደዋለሁ። ይህን ለእሱም ነግሬው አላውቅም፤ ላንቺም የምነግርሽ በወረቀት ስለሆነ ነው። ጠዋት ካልሲውን ሲፈልግ ሳየው አሁንም ደስ ይለኛል። ሲያልቅ አያምር እያልኩ ልቤን ላስጨክነው ብሞክር አልሆነልኝም።


ዓርብ፣ ማርች 14 ቀን

ማይዬ፣

ከላይ ያለውን ሰኞ ልልክልሽ ነበር። ፖስታ ሳጥኑ ፊት ቆሜ፣ ግማሹን አስገብቼ፣ መልሼ አወጣሁት። ማክሰኞም እንዲሁ አደረግኩ። ዛሬ ከቤት፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ በሩን ከፍቼ ነው የምጽፍልሽ። የላይኛውን አልቀደድኩትም፤ ያሰብኩትን እወቂልኝ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ሂልዲንግ ምሳውን በልቶ የመኪናውን ቁልፍ ሲያነሣ እኔ ካፖርቴን ለብሼ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

«ዛሬ እኔም እሄዳለሁ።»

«የት?»

«አንተ የምትሄድበት።»

አየኝ፤ ቁልፉን አየ። «ገና አልጨረስኩም እኮ» አለ። ምኑን እንዳልጨረሰ አልጠየቅኩትም፤ ገብቼ ቀበቶዬን አሰርኩ። እሱም ገባና ሞተሩን ሲያስነሣ እጁን በክሩስኮቱ ሥር ሰደደ። ቀይ መብራት ቦግ አለች። እንግዲህ ጀመረ አልኩ በሆዴ።

ከመንደሩ ወጥተን ጫካው ውስጥ ገባን። መንገዱ በሁለቱም ወገን በበረዶ ክምር ታጥሯል። እጄ ኪሴ ውስጥ ያን የተሰበረ ክሊፕ ይዟል። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ወደ ምሰሶው ዞርኩ፤ አፌን ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋሁና ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣

«ሄሌና! ትሰሚኛለሽ? ሚስቱ ነኝ! የጆሮ ጌጥሽን መጥተሽ ውሰጂ!» አልኩ።

ሂልዲንግ ጮኸ። እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። መሪውን ለቆ ሁለት ጆሮውን ያዘ፤ ቮልቯችን ወደ ጎን ተንሸራታ አፍንጫዋን በበረዶው ክምር ውስጥ ቀብራ ቆመች። ደግነቱ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጆሮዬን አፈነዳሽው!»

«ያፍንዳው! ማን ናት?»

«ማን?»

«ሄሌና!»

«ኧረ አትጩሂ፣ ራሴ ውስጥ ነው የምትጮሂው!» አለና ዞሮ የራሱን ወንበር የራስ መደገፊያ ጨርቅ ገለጥ አደረገ። ከጨርቁ ሥር፣ በግራና በቀኝ፣ የቡና ስኒ አፍ የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮች። ሽቦው የጠፋው እዚያ ውስጥ ነበር።

«ሄሌና የጆሮ መርማሪዬ ናት» አለኝ። «አልሰማም፣ ኢንጌገርድ። በተለይ በቀኙ፣ ባንቺ በኩል ባለው። የአደን ጥይት ነው የጨረሰው አለችኝ። ጆሮ ላይ የሚሰካውን ሞከርን፤ ቤት ውስጥ ጥሩ ነው፣ መኪና ውስጥ ግን ሞተሩን ያጎላና አንቺን ይውጥሻል። ቶርገኒ ነው እንዲህ ቢደረግስ ያለኝ።»

ቢላዋን ስጠይቀው ገና አልበላሁም ያለኝ፣ አጋዘን ስለው ፍሬን ያልያዘው፣ ከጀርባው ስናገር የማይዞረው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። አፌ ግን ቶሎ አይሸነፍም።

«ለምን አልነገርከኝም? የጆሮ ነገር ነውር ነው? ሴት የያዝክ መስሎኝ ልቤ ሊቆም!»

«ሴት?» አለ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። ጓንቱን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀ። ከዚያ መስታወቱን የሸፈነውን በረዶ እያየ እንዲህ አለኝ፦

«የዚያን የቀብሩን ቀን ጠየቅኩሽ። ዝም አልሽኝ።»

«ዝም? ማን ዝም አለህ? ሹፕ አልኩህ እኮ!»

ወደ እኔ ዞረ። እንዲህ ያለ ፊት በሂልዲንግ ላይ አይቼ አላውቅም።

«አልሰማሁም» አለ።

ዝናቡ ነበር፤ መጥረጊያው ነበር፤ እኔም ወደ መስኮቱ ዞሬ ነበር። ማይ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው «አይ» እንዳልኩት እያመነ አጠገቤ ተኝቷል፣ እንጨቴን ፈልጧል፣ የጓሮውን በረዶ ጠርጓል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ «አዎ» ብዬው ዘጋኝ እያልኩ ልቤን ስመርዝ ከርሜያለሁ።

«ታዲያ እንደዚያ ካመንክ ለምን አልሄድክም?» አልኩት።

«ወዴት?» አለኝ፣ የምሩን።

«ደግመህ አትጠይቀኝም ነበር?»

«ደግሜ ጠይቄሽ ዝም ብትዪኝ፣ ዝምታው ያንቺ ይሁን የጆሮዬ በምን አውቃለሁ? መጀመሪያ ጆሮውን ላስተካክል አልኩ። ለዚያ ነው ቶርገኒን ባንቺ ቦታ አስቀምጬ ሹፕ ሹፕ ሳስብለው የከረምኩት፤ ማይክሮፎኗ ትንፋሽ ትይዝ እንደሆነ ለማወቅ። ከዚያ ወዲያ ዝም ካልሽም» አለኝ፣ «ዝም ማለትሽን በደንብ እሰማዋለሁ።»

አለቀስኩ። በሻርፔ ፊቴን ሸፍኜ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ፤ እሱም ልቅሶዬን በሁለት ስፒከር እየሰማ ግራ ገብቶት እዚያ ሥር ያለውን ቁልፍ ትንሽ ቀነሰው። ያን ሲያደርግ አይቼ ሳቄ መጣ።

ከኪሴ ክሊፑን አውጥቼ ሰጠሁት። «እኔ ነኝ የሰበርኩት።»

«አውቄያለሁ። ቢላዋን አዘንብለሽ አስገብተሽዋል፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚገባው» አለኝ። ክሊፑን አገላብጦ አየውና ክሩስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ሁለት እጁን መሪው ላይ አደረገ፤ ራሱን ወደ መደገፊያው አስጠጋ፤ ዓይኑን ጨፈነ። መኪናዋ በረዶ ውስጥ ተቀብራ የቆመች አይመስለውም፣ የሚነዳ ነው የሚመስለው።

«ኢንጌገርድ፣ እንደገና ቢሆን፣ እኔኑ ታገቢኝ ነበር?»

እንደ ሰው፣ በሙሉ ድምፅ፣ ጫካው እስኪሰማ «አዎ» ልለው ነበር። ከንፈሬንም ከፍቼ ነበር። የወጣችው ግን ያቺው ናት። ትንሽ ትንፋሽ፣ ወደ ውስጥ።

ሹፕ።

ሂልዲንግ ዓይኑን አልከፈተም። እንባው በጉንጩ ወርዶ ጢሙ ውስጥ ሲገባ አየሁት።

«ይሠራል» አለ።

ከበረዶው ያወጣን በትራክተር ያለፈ ሰው ነው። ሄሌናንም አገኘኋት። ወፍራም፣ ደስ የምትል፣ ከእኔ የምትበልጥ ሴት ናት። ስልክ ላይ ስላኮረፍኳት ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እሷም ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች «ምንም አይደለም» አለችኝ። ማታ የድንች ፓልት ቀቅዬ ቶርገኒንም ጠራሁት። አስሙ እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው ድንቹ ሊያንቀው ነበር።

እንግዲህ ክፍልሽን ለእኔ ብለሽ አታዘጋጂ። ወይም ሰፋ ያለ አልጋ አስገቢባትና ሁለት ሆነን እንምጣ፤ ሂልዲንግ በጎችሽን ማየት እፈልጋለሁ ብሏል፣ እነሱ ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት አሉ። ፓስፖርቱን እንዲያወጣ ፎቶግራፍ ተነሥቷል፤ የተፈረደበት ሰው መስሏል።

በጎችሽ ይርቡ፤ ጉልበትሽን ብርድ አይያዝብሽ፤ ባልሽም የሚልሽን ሁሉ ፊትሽን እያየ ይበልሽ። እኔ ያጣሁትን ሁለት ዓመት አንቺ አትጪ።

የማትለወጥ እህትሽ፣
ኢንጌገርድ

ይህንንም ልጨምር፦ በጥጥ ጠቅልዬ እዚህ ፖስታ ውስጥ የከተትኩት የጆሮ ጌጥ ያንቺ ነው። ሂልዲንግ ነው ያስታወሰው፤ የዛን በጋ መጥተሽ ጀልባ ማሰሪያው ላይ ጠፋኝ ብለሽ ሁላችንንም በውሃ ውስጥ ያስዳበስሽን። ከበሩ ታፒሴሪያ ጀርባ ተቀምጦ ኖሯል። ለአንድ ሌሊት አንቺንም ጠርጥሬሽ ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ስትመጪ ከኋላ ወንበር ሆነን የልባችንን እናወራለን። እዚያ ማይክሮፎን የለም ብሎኛል፤ እኔም በእናቴ ቢላ እየፈለቀቅኩ አረጋግጫለሁ፣ ቢላዋን ቀጥ አድርጌ።